ዓይነ ስውሩም፣ ፀሐይ ላይ የቆመውም የሚጠቀምበት ድረ ገጽ እንዴት ይሠራል?

ጅማ ውስጥ ያለ አንድ ፔንሲዮን ድረ ገጽ ሊያሠራ ነው እንበል። ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ መናኸሪያ የወረደ መንገደኛ ፀሐይ ላይ ቆሞ ይከፍተዋል። ዓይነ ስውር ደንበኛ ስልኩ በድምፅ እያነበበለት ያዳምጠዋል። መነጽራቸውን ቤት የረሱ አባት በሁለት ጣት እያሰፉ ያዩታል። ሦስቱም የሚፈልጉት ያው የአልጋ ዋጋ፣ ስልክና አድራሻ ነው። ሥራውም ከቀለምና ከፎቶ በፊት ከእነዚህ ይጀምር።

1. ጽሑፉን ተይቡት

በጣም የተለመደው ጥፋት ማስታወቂያ አትሞ፣ ማኅተም አሳርፎ፣ ፎቶ አንስቶ መለጠፍ ነው። ድምፅ አንባቢው (በስክሪን ላይ ያለውን ጽሑፍ በድምፅ የሚያነበው ፕሮግራም) ፎቶ ላይ ያለውን ጽሑፍ "ምስል" ብሎ ሊያልፈው ይችላል። ሲያሰፉት ይደበዝዛል፤ ቁጥሩም ተነክቶ አይደወልበትም። ማኅተሙ የግድ መታየት ካለበት ፎቶው ከታች ይቀመጥ፤ ሙሉ ቃሉ ግን ከላይ ተተይቦ ይቅረብ። ለሌሎቹ ፎቶዎች አጭር መግለጫ ጻፉ። "ፎቶ 3" ማለት ምንም አይነግርም፤ "ሁለት አልጋ ያለው ክፍል፣ መስኮቱ ወደ ግቢው" ግን ይናገራል።

ስትተይቡ በዩኒኮድ (ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቁጥር በሚሰጠው ዓለም አቀፍ አሠራር) ይሁን። በድሮ የግዕዝ ፕሮግራም የተጻፈ ፋይል ተገልብጦ ሲለጠፍ የላቲን ፊደልና ምልክት ተደበላልቆ ይወጣል፤ የዚያን ጊዜ ፊደሎች የላቲኑን ቦታ ተውሰው የተሠሩ ነበሩና። አራት ነጥብም (።) ራሱን የቻለ ምልክት ነው። ሁለት ኮሎን አጠገብ ለአጠገብ ቢደረደር ለዓይን ይመስላል፤ ለድምፅ አንባቢው ግን የዓረፍተ ነገር መጨረሻ አይደለም።

2. ርዕሶቹን በደረጃ አስቀምጡ

ርዕስን ማድመቅና ማተለቅ ብቻ አይበቃም፤ በኤችቲኤምኤል (ገጹ በሚጻፍበት ኮድ) የርዕስነት ደረጃ ይሰጠው። የገጹ ስም አንደኛ ደረጃ፣ "ዋጋ"፣ "አድራሻ" እና "ቦታ ለመያዝ" ሁለተኛ ደረጃ ይሁኑ። ድምፅ አንባቢ የሚጠቀም ሰው ከርዕስ ወደ ርዕስ እየዘለለ ነው የሚፈልገውን የሚያገኘው። ሊንኮችንም ብቻቸውን አውጥቶ ማዳመጥ ይችላል፤ ሁሉም "እዚህ ይጫኑ" ከሆኑ የቱ የት እንደሚወስድ አያውቅም። "የክፍል ዋጋ ይመልከቱ" በሉት።

3. የገጹን ቋንቋ ለማሽኑ ንገሩ

ጅማ ላይ ይህ አይዘለልም፤ ገጹ በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም መኖር አለበት። በኤችቲኤምኤሉ መጀመሪያ ያለው የቋንቋ ምልክት ብዙ ጊዜ በእንግሊዝኛ እንደተቀመጠ ይቀራል። በቁቤ የተጻፈው አፋን ኦሮሞ ያኔ በእንግሊዝኛ አነባበብ ሊነበብ ይችላል፤ የሚሰማውም ሰው ምኑንም አይለየው። የአማርኛው ኮድ ኤ-ኤም፣ የአፋን ኦሮሞው ኦ-ኤም ነው። የቋንቋ መቀየሪያው ላይ ባንዲራ አታድርጉ፤ እያንዳንዱ ቋንቋ በራሱ ፊደል ስሙ ይጻፍ።

4. ፊደሉና ቀለሙ

ቡ እና ቢን የሚለየው የአንዲት ትንሽ ጭረት ቦታ ነው። ስለዚህ ለላቲን የሚበቃው መጠን ለግዕዝ ያንሳል፤ ዋናውን ጽሑፍ ከ18 ፒክስል አታሳንሱ፣ የመስመር ከፍታውንም የፊደሉ መጠን 1.6 እጥፍ አካባቢ አድርጉት። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ የሚባለው ፎንት ነጻና ጥርት ያለ ምርጫ ነው። ፊደልን ማጋደም ተዉ፤ አሳሹ (ብራውዘሩ) በግድ ያዘምመዋል እንጂ የግዕዝ ባሕርይ አይደለም።

ዓለም አቀፉ የድረ ገጽ ተደራሽነት መመዘኛ (WCAG) ለመደበኛ ጽሑፍ ቢያንስ 4.5 ለ1 የቀለም ንፅፅር፣ ማለትም በጽሑፉና በጀርባው መካከል ያለ የብርሃን ልዩነት፣ ይጠይቃል። ነጭ ላይ ደማቁ ቀይ 4 ለ1 ላይ ስለሚቀር ይወድቃል፤ ቢጫማ ከ1.1 አይዘልም። ግራጫ የሚወድ ዲዛይነር ይህን ይያዝ፦ ኮዱ 777777 የሆነው ግራጫ ለጥቂት ይወድቃል፣ 767676 ያልፋል። ቡና ለሚሸት ከተማ ደግሞ ጥቁር ቡናማ በነጭ ላይ ያምራል፤ ንፅፅሩም አያሳስብም። ቁልፎች 44 በ44 ፒክስል ቢሆኑ ለጣት ይመቻሉ፤ የመመዘኛው ዝቅተኛ ልክ 24 በ24 ነው።

5. ቅጹ

ሰው የሚሸሸው እዚህ ጋ ነው። ብዙው ቅጽ ከውጭ አገር እንዳለ የተቀዳ ስለሆነ "የመጨረሻ ስም" ይላል፤ የአባት ነው ወይስ የአያት? "ስም" እና "የአባት ስም" ብላችሁ ጨርሱት። ለስልክ 09 ብቻ የሚቀበል ቅጽ በ07 የሚጀምረውን ደንበኛ ያባርራል። ሁለቱንም፣ በ251 የሚጀምረውንም ተቀበሉ፤ በመሃል ክፍተት ቢገባም ፕሮግራሙ ያጥፋው እንጂ ሰውየውን አይውቀስ።

አሳሹ የሚያወጣው የቀን መምረጫ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። ቀን፣ ወርና ዓመት ለየብቻ ይሞሉ፤ የወሩ ዝርዝር 13 ይሁን፣ አለበለዚያ በጳጉሜ ክፍል የሚይዝ አይኖርም። የተመረጠው ቀን በሁለቱም አቆጣጠር ተጽፎ ይታይ። ሰዓትም እንዲሁ ነው፤ "6፡00" ብቻ ከተባለ የፈረንጆቹን ሰዓት የለመደ እንግዳ ጠዋት ሊመስለው ይችላል፣ "ከቀኑ 6 ሰዓት" በሉ።

የሳጥኑ ስም ከሳጥኑ በላይ ይኑር። ውስጡ በደብዛዛ ቀለም ከተጻፈ መተየብ ሲጀመር ይጠፋል። ስህተት ሲኖርም ሳጥኑን ማቅላት ብቻ በቂ አይደለም፤ ቀይና አረንጓዴ የማይለይ ሰው አለ። አጠገቡ "በ0 የሚጀምር ስልክ ቁጥር 10 አሃዝ ነው፤ የጻፉት 9 ነው" ይባል።

6. አድራሻ

ካርታ ብቻ ለጥፎ መተው ዳታ ይበላል፤ ለማያይ ሰውም ባዶ ነው። ከመናኸሪያው በየት በኩል፣ ስንት ሜትር፣ ምን አጠገብ እንደሆነ በሁለት ዓረፍተ ነገር ጻፉ። የባጃጅ ሾፌርም የሚፈልገው ይህንኑ ነው።

7. ሞክሩት

በኮምፒውተር አይጤውን አስቀምጡና በታብ ቁልፍ ብቻ ቦታ ያዙ፤ የት እንዳላችሁ የሚያሳየው መስመር ከጠፋ ዲዛይነሩ "አያምርም" ብሎ አጥፍቶታል፣ ይመለስ። ገጹን 200 በመቶ አስፉት፤ ጽሑፍ መደራረብም መቆረጥም የለበትም። በእኩለ ቀን ደጅ ወጥታችሁ እዩት።

በመጨረሻ በአንድሮይድ ስልክ ቅንብሮች፣ ተደራሽነት ውስጥ ገብታችሁ ቶክባክን (የአንድሮይድን ድምፅ አንባቢ) ክፈቱና ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ስልክ ቁጥሩን ፈልጉ። ሲከፈት አንድ ንክኪ ያነባል እንጂ አይከፍትም፤ ለመክፈት በፍጥነት ሁለቴ መታ ማድረግ፣ ወደ ታች ለመሄድ በሁለት ጣት መጎተት ነው። ይህን ያላወቀ ሰው ስልኩ የተበላሸ ይመስለዋል፤ ስለዚህ ቶክባክን ከመክፈታችሁ በፊት እንዴት እንደሚዘጋ አንብቡ።