ከዌብ አፕ የተላከ ኤስኤምኤስ ሲያስቸግር

ሂሳቡ መሞላቱን፣ ፓስዎርዱ ልክ መሆኑን አይታችኋል ብዬ ልጀምር።

አማርኛው ???? ሆኖ ደረሰ። ይሄን ስንቴ እንዳስተካከልኩ መቁጠር ትቻለሁ። የኤስኤምኤስ መደበኛ ፊደል 7 ቢት ነው፤ ግእዝ እዚያ ውስጥ የለም። ለአንድ ፊደል 16 ቢት በሚሰጠው በዩሲኤስ-2 መሄድ አለበት። ካኔል (ኤስኤምኤስ የሚያስተላልፈው ሶፍትዌር) ላይ ኮዲንጉን 2፣ ቻርሴቱን ዩቲኤፍ-8 አድርጉ። በቀጥታ በኤስኤምፒፒ (ከቴሌኮሙ ጋር የሚያገናኘው ፕሮቶኮል) ከሆነ ዳታ ኮዲንጉ 8 ነው።

አሁን ይነበባል፤ ሂሳቡ ግን ያስለቅሳል። አንድ መልእክት 140 ባይት ነው የሚይዘው፦ በእንግሊዝኛ 160 ፊደል፣ በአማርኛ 70። ካለፈ ይቆራረጣል፤ መገጣጠሚያው ቦታ ስለሚወስድ እያንዳንዱ የአማርኛ ቁራጭ 67 ብቻ ይይዛል። የሚቆጠርባችሁም በየቁራጩ ነው።

አንዱ የዕቁብ አፕ የሠራ ልጅ «ብራችን በእጥፍ እያለቀ ነው» ብሎ ደወለልኝ። መልእክቱ እንግሊዝኛ፣ 130 ፊደል፣ ምንም የለበትም። ሎጉን ከፍቼ አንድ በአንድ ስለቅም ለካ መጨረሻው ላይ አራት ነጥብ አለች! ያቺ አንዲት «።» ሙሉውን ወደ ዩሲኤስ-2 ጎትታ አንዱን መልእክት ሁለት አደረገችው። ሌላ ጊዜ ደግሞ ከወርድ ኮፒ የተደረገች ጠማማ የጥቅስ ምልክት ነበረች። ኧረ በናታችሁ፣ ከወርድ ኮፒ አታድርጉ!

መልእክቱ ውስጥ የሚገባ ስምም አለ። «አበበ» ብላችሁ ትሞክሩና 68 ፊደል ይሆናል፣ ደስ ይላችኋል። ገብረእግዚአብሔር ሲመዘገብ 75 ገባ፣ ሁለት ሆነ። ስለዚህ ኮዱ ስሙን ካስገባ በኋላ፣ ከመላኩ በፊት ይቁጠር፤ ከመሞከራችሁም በፊት ረጅም ስም ፈልጉ።

ስልክ ቁጥሩ ልክ ሆኖ አልሄድ ካለ ፕላሷን (+) ጠርጥሩ። ሊንክ ውስጥ ባዶ ቦታ ሆና ነው የምትነበበው። ያለ ፕላስ በ251 ጀምሩ። ከኤክሴል የመጣ ዝርዝር ከሆነ ዜሮዋ ተበልታለች። በ09 የሚጀምር ብቻ የሚቀበል ፎርምም አሁንም አያለሁ፤ የሳፋሪኮም 07 ከገባ እኮ ቆየ።

አንድ መልእክት ሁለቴ ደረሰ? ጌትዌዩ (ከአፑ ተቀብሎ ወደ ቴሌኮሙ የሚያሻግረው) ተቀብሎ መልሱ ሲዘገይ አፑ ደግሞ ልኮታል። ለእያንዳንዱ መልእክት መለያ ስጡ፣ ዝም ብላችሁ አትድገሙ። የማረጋገጫ ኮድ ከሆነማ በየድግሙ አዲስ ኮድ አታመንጩ፤ ሰውዬው የፊተኛውን አስገብቶ «ተሳስተሃል» ይባላል።

ዩኤስኤስዲው (በኮከብና በ# የሚደወለው ሜኑ) መሀል ላይ ከተቋረጠ አፓችሁ ዘግይቷል። መጀመሪያ መልሱለት፣ ከባዱን ሥራ ከኋላ ሥሩት።