የልጅነት ቴሌቪዥናችሁን መልሳችሁ ከማየታችሁ በፊት

ዩቲዩብ ከመክፈታችሁ በፊት ወረቀትና እስክሪብቶ ያዙ። እኔ ይህን ቅደም ተከተል አፋልሼ ስለከሰርኩ ነው የምነግራችሁ።

ሐምሌ 2009፣ በቴሌቪዥን ለልጆች ተረት ይነግሩ የነበሩት አባባ ተስፋዬ ያረፉ ሰሞን ሰዉ ሁሉ በየስልኩ የድሮ ቅጂ ሲቀባበል እኔም አንዱን ከፈትኩ። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ በእኔ ጭንቅላት ውስጥ የነበሩት አባባ ተስፋዬ ቡናማ ኮት ነበር የሚለብሱት። ልምልላችሁ እችል ነበር። ችግሩ፣ እሳቸውን ያየሁት በጎረቤታችን በእትዬ ቴሌቪዥን ነው፤ እሱ ደግሞ ጥቁርና ነጭ። ስርጭቱ ከ1977 ጀምሮ ባለቀለም ቢሆንም ወሬው እትዬ ቤት አልደረሰም። ታዲያ ቡናማው ከየት መጣ? ላጣራ ስል የራሴ ምስል የለም። የስልኩ ተተክቶበታል። ስለዚህ መጀመሪያ ጻፉ፤ የተሳሳተውንም ጭምር።

ስትጽፉ ከዝግጅቱ አትጀምሩ፣ ከቤቱ ጀምሩ። ቴሌቪዥኑ የማን ነበር? እናንተ የት ትቀመጡ ነበር? ማን ነበር ጣሪያ ላይ የሚወጣው? እኛ ጉለሌ፣ የሰፈሩ ልጅ በሙሉ እትዬ ቤት ነው የሚገባው። በር ላይ ጣሳ ውሃ አለ፤ እግሩን ያልታጠበ አያልፍም። ሶፋው ለትልልቆቹ፣ ሰሌኑ ለእኛ። ሳጥኑ በሩ ተቆልፎ፣ ላዩ ዳንቴል ለብሶ ይጠብቀናል። ምስሉ ሲዘንብ ወንድሜ ጣሪያ ላይ ወጥቶ አንቴናውን ያዞራል፦

«መጣ?»

«አልመጣም!»

«አሁንስ?»

«መጣ መጣ! እሱ ላይ ተወው፣ አትንካው!»

ምስኪን፣ ግማሹን ተረት ያሳለፈው ቆርቆሮ ላይ ነው። እናታችንና እትዬ የተኳረፉ ጊዜ ደግሞ ሁለታችንም በመስኮት ነበር የምናየው፣ ያለ ድምፅ። ዛሬም ሰው ቤት ስጋበዝ እስኪያስቀምጡኝ ድረስ በር ላይ እቆማለሁ። ባለቤቴ ትህትና ይመስላት ነበር።

ቀጥሎ ከወንድም ወይም ከእህት ጋር አስተያዩት፤ ግን ለየብቻ ከጻፋችሁ በኋላ። አብራችሁ ካወራችሁ ጮክ ብሎ የሚናገረው ሰው ትዝታ ያሸንፋል። የቡናማውን ነገር የፈታችልኝ እህቴ ናት፦ «ኮቱ ሳይሆን ሳጥኑ ነው፤ እንጨቱ!»

አሁን ብዙ ሰው የሚዘለው ነገር ላይ ደርሰናል። ከዝግጅቱ በኋላ ምን ይመጣ ነበር? ጣቢያው አንድ ነው፤ የልጆች ጊዜ ካለቀ ልትቀይሩት የምትችሉት ነገር የለም። እኔ የማስታውሰው፣ ሳቃችን ሳያልቅ ዜና ሲጀምርና ትልልቆቹ «ዝም በሉ!» ሲሉን ነው። የጦርነት ዘመን ነበር፤ ጎረቤታችን ልጃቸው ግንባር ነው፤ ፊታቸውን ወደ ሳጥኑ አስጠግተው ይሰማሉ። እኛ አንድም ነገር አይገባንም፤ ፊታቸው ግን ይገባናል። ደስ የሚል ነገር ሲገጥመኝ «ቀጥሎስ?» እያልኩ የምጨነቀው ከዚያ ይመስለኛል። እርግጠኛ መሆን አይቻልም። ይህን ስጽፍ ግን ትከሻዬ ቀለል ብሎኛል።

በመጨረሻ፣ አንዲት በቃል የያዛችኋትን ዐረፍተ ነገር ምረጡና ዕድሜያችሁን አስታውሳችሁ ድምፅ አውጥታችሁ በሏት። የእኛ ዘመን ልጅ የትኛዋን እንደሚመርጥ የታወቀ ነው፤ የአባባ ተስፋዬን፦ «የዛሬ አበባዎች፣ የነገ ፍሬዎች።» ሰሌን ላይ ለተቀመጠ ልጅ ይህ ምርቃት ነው። የቤት ኪራይ ለሚቆጥር የአርባ ዓመት ሰው ግን ጥያቄ ይሆናል። ነገ የተባለው ይኸው መጥቷል፤ ፍሬው የታለ? እኔ አንድ ሰሞን በሰውየው ተቀይሜ ነበር፣ እውነቴን ነው። ኋላ ሳስበው፣ ልጅን ሁሉ «አንተ» ሳይሆን «ልጆች» ብለው ነበር የሚጠሩት። ፍሬ ትሆናለህ የተባልኩት ብቻዬን አልነበረም፤ ያ ሁሉ እግሩን የታጠበ ሰፈር አብሮኝ ተብሏል። ከዚያ ወዲህ የአብሮ አደጎቼን ስልክ ማፈላለግ ጀመርኩ። አራቱን አግኝቻለሁ፤ አንዱ አረብ አገር ነው፣ ሌሊት ነው የሚደውለው።

ቅጂውን መክፈት የምትችሉት አሁን ነው። ብቻችሁን አትዩት። ልጅ ካላችሁ አንድ ብቻ አሳዩና ዝጉት። የእኔዋ ስድስት ዓመቷ ነው፤ እሷ የምታውቀው የልጆች ዝግጅት አሻንጉሊቷን፣ ቀጭኔዋን ፀሐይን ነው፣ ያውም ስትፈልግ የምትከፍታትን። የሽማግሌው ተረት ሲያልቅ «ቀጣዩን» ብላ እጇን ዘረጋች። እስከ ቅዳሜ የለም ብዬ ስልኩን ኪሴ ከተትኩት። አለቀሰች። ቅዳሜ ግን ከእኔ ቀድማ ተነስታ ምንጣፉ ላይ ተቀምጣ ጠበቀችኝ። በሦስተኛው ቅዳሜ እኔ ረሳሁት፤ እሷም አላስታወሰችኝም።