የውሃ ኦፕሬተር ፈተና ወደቃችሁ? መጀመሪያ የሚያፈስበትን ፈልጉ

አሜሪካ ውስጥ የመጠጥ ውሃ ወይም የፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያ በኃላፊነት ለማንቀሳቀስ ላይሰንስ ይጠየቃል። የሚሰጠው ግዛቱ ነው። ፈተናው በብዙ ቦታ 100 የምርጫ ጥያቄ፣ 3 ሰዓት፣ ማለፊያው 70 በመቶ ነው። ከአገር ቤት በኬሚስትሪ ዲግሪ ይዘው መጥተው የመጀመሪያውን ደረጃ የሚወድቁ አሉ። አንዱ እኔ ነበርኩ።

ስንወድቅ ሮጠን ሌላ መጽሐፍ እንገዛለን። ቧንቧ ሲያፈስ ግን ማንም መጀመሪያ አዲስ ቧንቧ አይገዛም። ውጤታችሁ በየርዕሱ ተከፋፍሎ ከመጣ ያቺን ወረቀት አትጣሏት፤ ቀዳዳው የት እንዳለ የምትነግራችሁ እሷ ናት።

"ሂሳቡን እችላለሁ፣ መልሱ ግን ይሳሳትብኛል"

አብዛኛውን ጊዜ መንስኤው ሂሳቡ ሳይሆን መለኪያው ነው። እኛ ያደግነው በሊትርና በሜትር ነው። አንድ ሜትር ኩብ 1,000 ሊትር፣ አለቀ። እዚህ አንድ ኪዩቢክ ጫማ 7.48 ጋሎን ነው፣ አንድ ጋሎን ውሃ ደግሞ 8.34 ፓውንድ ይመዝናል።

እኔን ጉድ የሠራኝ ኢንች ነው። ስፋቱ (ዲያሜትሩ) 12 ኢንች፣ ርዝመቱ 1,000 ጫማ የሆነ ቧንቧ ስንት ጋሎን ይይዛል? 0.785 በዲያሜትሩ፣ እንደገና በዲያሜትሩ፣ ከዚያ በርዝመቱ፣ በመጨረሻ በ7.48 ይባዛል። 12ን እንዳለ ከከተታችሁት 845,000 ጋሎን ገደማ ይመጣል። ወደ 1 ጫማ ከቀየራችሁት 5,872። ክፋቱ፣ የተሳሳተው ቁጥር ከምርጫዎቹ መሃል ቁጭ ብሎ ይጠብቃችኋል። ጥያቄ አውጪው የት እንደምንሳሳት አሳምሮ ያውቃል።

መፍትሄው፦ ፎርሙላ ከመንካታችሁ በፊት መለኪያዎቹን ሁሉ ቀይሩ። ኢንች ከሆነ በ12 አካፍሉ። ጋሎን በደቂቃ ከሆነ በ1,440 አባዙና የቀኑን አግኙ። ፎርሙላ በመሸምደድ ጊዜ አትፍጁ፤ የፎርሙላው ወረቀት በብዙ ቦታ ፈተናው ላይ ይሰጣችኋል። ያንኑ ወረቀት ፕሪንት አድርጉና ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በእሱ ተለማመዱ።

"የክሎሪን ጥያቄ ላይ ሁለት ምርጫ ትክክል ይመስለኛል"

ጣቢያው በቀን 2 ሚሊዮን ጋሎን ያመርታል፣ በሊትር 3 ሚሊግራም ክሎሪን ይጨመራል እንበል። 2 × 3 × 8.34 = 50 ፓውንድ። እዚህ ድረስ ሁሉም ይመጣል። ጥያቄው ግን ይቀጥላል፦ የሚጨመረው የክሎሪን ዱቄት 65 በመቶው ብቻ ክሎሪን ቢሆንስ? ብዙ ሰው በ0.65 ያባዛና 32.5 ብሎ ያልፋል። ዱቄቱ ንጹህ ካልሆነ እኮ የሚያስፈልገው ይበዛል እንጂ አያንስም። የቀጠነ ጠላ ሞቅ እስኪያደርግ ተጨማሪ ጣሳ ይፈልግ የለ? ስለዚህ ማካፈል ነው፣ 77 ፓውንድ ይመጣል።

"አሥር ዓመት ሠርቻለሁ፣ የሥራው ጥያቄ ይጥለኛል"

ይሄኛው ልምድ ያላቸውን የሚይዝ በሽታ ነው። "እኛ ጋ እንዲህ ነው የምናደርገው" እያሉ ይመልሳሉ። ፈተናው የሚፈልገው ደንቡን ነው።

ባልደረባችሁ ማንሆል (የፍሳሽ መስመር መግቢያ ጉድጓድ) ውስጥ ራሱን ስቶ ወድቋል፤ መጀመሪያ ምን ታደርጋላችሁ? የእኛ ሰው ልብ "ዘልዬ እገባለሁ" ይላል። ትክክለኛው መልስ አለመግባትና እርዳታ መጥራት ነው። ውስጡ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የሚባለው፣ የበሰበሰ እንቁላል የሚሸት መርዘኛ ጋዝ ካለ ሁለተኛው ተጎጂ እናንተ ናችሁ። ሽታው ጠፋ ማለት ጋዙ ጠፋ ማለት አይደለም፤ አፍንጫችሁ ደንዝዞ ሊሆን ይችላል። ኦክስጅኑ ከ19.5 በመቶ ካነሰ አየሩ አደገኛ ነው፤ ቁጥሩን ያዙት።

"እንግሊዝኛው ያደናግረኛል"

ኢንፍሉዌንት ወደ ጣቢያው የሚገባው፣ ኤፍሉዌንት የሚወጣው ነው። በጥድፊያ ሲነበቡ አንድ ይመስላሉ። የቆሻሻው መጠን ሲገባ 200፣ ሲወጣ 20 ከሆነ 180 ተወግዷል፤ ለገባው 200 ሲካፈል 90 በመቶ። ለወጣው ካካፈላችሁት 900 በመቶ ይመጣል፣ ካለው በላይ ማስወገድ ደግሞ የለም። ጥያቄው ረጅም ከሆነ መጨረሻውን ዓረፍተ ነገር አስቀድማችሁ አንብቡ። "ፈርስት" (መጀመሪያ) እና "ኤክሴፕት" (በስተቀር) የሚሉትን ቃላት ሳታዩ እንዳታልፉ።

"ሰዓት አለቀብኝ"

ለአንድ ጥያቄ ሁለት ደቂቃ እንኳ አይደርሳችሁም። የምታውቁትን ቶሎ ቶሎ ጨርሱ፣ ስሌቱን ወደ ኋላ አቆዩት። ባዶ የሚተው ጥያቄ አይኑር፤ ተሳስታችሁ ብትመልሱ ነጥብ አይቀነስም። በስልካችሁ ካልኩሌተር ስትለማመዱ ከርማችሁ ከሆነ ደግሞ ተዉት፣ ስልክ አይገባም። የትኛው ካልኩሌተር እንደሚፈቀድ ግዛታችሁን ጠይቁና አንድ ርካሽ ግዙ፤ ከአሁኑ ጣታችሁ ይልመደው።