የአቧራ ቅንቅንን ከመኝታና ከወለል ላይ ለመቀነስ

ጠዋት ሲነሱ ደጋግሞ የሚያስነጥስና አፍንጫን የሚያፍን ሕመም ብዙ ጊዜ «ብርድ ነው» ተብሎ ይታለፋል፤ መነሻው ግን ፍራሽና ትራስ ውስጥ የሚኖረው የአቧራ ቅንቅን ሊሆን ይችላል። ርዝመቱ ከ0.2 እስከ 0.3 ሚሊ ሜትር ስለሆነ በዓይን መለየት ያስቸግራል። እንደ ትኋን አይነክስም፤ ምግቡ ከገላችን የሚረግፈው የቆዳ ቅርፊት ነው። አለርጂ የሚቀሰቅሰው በዋነኛነት ኩሱ በመሆኑ ተባዩን መግደል ብቻውን አይበቃም። ስለዚህ ፍራሽ ላይ ፀረ ተባይ መርጨትን ፈጽሞ አልመክርም፤ መርዙን የሚተኛው ሰው ይተነፍሰዋል፣ ኩሱም እዚያው ይቀራል።

አንሶላና የትራስ ልብስ በየሳምንቱ ከ60 ዲግሪ ሴልሺየስ ባላነሰ ውሃ ይታጠቡ። አዲስ አበባን በመሰለ ከፍታ ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ፣ በእጅ የሚያጥብ ሰው ሦስት እጅ የፈላ ውሃ ከሁለት እጅ ቀዝቃዛ ጋር ቢቀላቅል ወደ 60 ይጠጋለታል። ልብሱ አስቀድሞ ሳይረጥብ በደረቁ ይዘፍዘፍ፣ ሳፋው ይከደን፣ ሕፃናት ይራቁ፤ ማሸት የሚጀመረውም ውሃው ከበረደ በኋላ ነው። ሙቅ ውሃ የማይችለውን የልጆች አሻንጉሊት በፌስታል አስሮ ሁለት ቀን ፍሪዘር ውስጥ ማቆየት፣ ከዚያም በቀዝቃዛ ውሃ ማጠብ ይቻላል።

ከሁሉ በላይ ትኩረት የሚሻው እርጥበት ነው። ቅንቅን ውሃ አይጠጣም፤ እርጥበትን ከአየር ይስባል፤ የክፍሉ አንጻራዊ እርጥበት (አየሩ ሊይዘው ከሚችለው የውሃ ተን ውስጥ አሁን የያዘው ድርሻ) ከ50 በመቶ በታች ሆኖ ሲቆይ ደርቆ ይሞታል። በክረምት መስኮት ዘግቶ መክረምና የታጠበ ልብስ መኝታ ክፍል ውስጥ ማስጣት ግን በጣም ይመቸዋል። አልጋውን እንደተነሱ ወዲያው ከማንጠፍ ይልቅ ብርድ ልብሱን ገልጦ፣ መስኮት ከፍቶ ማናፈስ ይሻላል። ዝናቡ ሲያባራ የጥጥ ፍራሽንና ቡልኮን ጠንካራ ፀሐይ ላይ አስጥቶ እያገላበጡ ማድረቅ፣ ከዚያም ደጅ ላይ ማራገፍ ይገባል፤ አስም ያለበት ሰው ግን ይህን ሥራ ለሌላ ይተው። አቅም ከፈቀደ ፍራሹንና ትራሱን ዚፕ ባለው፣ ሽመናው ጥቅጥቅ ባለ ሽፋን ማልበስ ሊረዳ ይችላል።

ወለሉ ጣውላ፣ ሲሚንቶ ወይም ሴራሚክ ከሆነ፣ ደረቅ መጥረጊያ አቧራውን መልሶ ስለሚያስነሳው በእርጥብ ጨርቅ ይወልወልና ይድረቅ። ግድግዳ እስከ ግድግዳ የተዘረጋ ምንጣፍ ከመኝታ ክፍል ቢነሳ ይመረጣል፤ የግድ ካስፈለገ ተጠቅልሎ ሊወጣና ሊታጠብ የሚችል ትንሽ ምንጣፍ ይበቃል።