ጎረቤት ምጣድ ሲሰካ የእናንተ አምፖል ከደመቀ

ብሬከሩም ሶኬቱም ታይቶ ደህና ነው ብለን፣ ምልክቶቹን አንድ በአንድ እንለያቸው።

ማታ ማታ ብቻ የሚደበዝዝ። መስመሩ ረጅም ነው፣ ወይም ሰፈሩ ሁሉ አንድ ፌዝ ላይ (ኃይል ከሚያመጡት ሦስት ሽቦዎች አንዱ ላይ) ተጭኗል። መፍትሄው ጭነቱን ለሦስቱ ፌዞች ማካፈል ነው። የትራንስፎርመሩን ታፕ፣ ማለትም የሚወጣውን ቮልቴጅ የሚያስተካክለውን መምረጫ፣ ከፍ ማድረግም አለ። ግን ምሽት ላይ ያነሳው ታፕ ሌሊት ጭነት ሲቀል ቮልቴጁን ከልክ በላይ ያወጣዋል። የተለመደው ዓይነት ታፕ ደግሞ ትራንስፎርመሩ ሳይጠፋ አይነካም።

የራስ ምጣድ ሲሰካ ብቻ የሚወርድ፣ ጎረቤት ሰላም የሆነ። ወደ ማድቤት የሚሄደው ሽቦ ቀጭን ነው። 3.5 ኪሎዋት ምጣድ 16 አምፔር ገደማ ይስባል። ወፍራም ሽቦ ሳቡ።

አንድ ፌዝ ደህና፣ የሁለቱ ቮልቴጅ በግማሽ የወረደ። ወደ ትራንስፎርመሩ በሚገባው በ15 ኪሎቮልቱ መስመር በኩል አንድ ፊውዝ ወድቋል። አልፎ አልፎ ነው።

አንዱ ቤት ደምቆ ሌላው የሚደበዝዝ። አዳማ ላይ ደጋግሞ የሚያስጠራኝ ይሄ ነው። ኒውትራሉ (ለሁሉም ፌዞች የጋራ የሆነው መመለሻ ሽቦ) ላልቷል ወይም ተበጥሷል፤ ሌላ ምክንያት አትፈልጉ። ኒውትራል ጤነኛ ሲሆን እያንዳንዱ ፌዝ 220 ቮልት ይዞ ይቆማል። ሲቆረጥ ግን በተለያየ ፌዝ ላይ ያሉ ቤቶች በሁለት ፌዞች መካከል ያለውን 380 ቮልት ይሻማሉ። ብዙ ጭነት ያለበት ቤት ይወርድበታል፣ ጥቂት ያለበት ይወጣበታል።

አንዲት እናት ምጣዱ አልግል ብሏቸው ሲማረሩ፣ ከአጥሩ ማዶ ቴሌቪዥንና ፍሪጅ አንድ ላይ ጨሰዋል። አንድ ፀጉር ቤት ደግሞ ሁለት ስታቢላይዘር አቃጥሎ ሦስተኛውን ገዝቶ ጠበቀኝ። ሻጩ «ይሄኛው ኦሪጅናል ነው» ብሎታል! ስታቢላይዘር ኒውትራል አይቀጥልም።

በቴስተር ካቻቢቴ አትተማመኑ። በማልቲሜትር ለኩ፣ ምጣዱ ተሰክቶም ተነቅሎም። ፌዝ ከፌዝ 380 አካባቢ ቆሞ፣ ፌዝ ከኒውትራል አንዱ 280 ሌላው 150 ካለ አበቃ፣ እሱ ነው።

ብዙ ጊዜ የማገኘው ምሰሶው ላይ መዳብና አሉሚኒየም በእጅ ተጠምዝዞ፣ ላዩ በፕላስተር ተጠቅልሎ ነው። አሉሚኒየሙ ይዝጋል፣ ይግላል፣ ይላላል። የአዳማ ንፋስ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ይወዘውዘዋል። ተርባይኖቹ እዚህ የተተከሉት በከንቱ አይደለም። መፍትሄው ባይሜታል ኮኔክተር፣ ማለትም መዳብና አሉሚኒየምን ለማገናኘት የተሠራ ማያያዣ፣ ነው። ሽቦው በብሩሽ ይፋቅ፣ ግሪስ ይቀባ፣ በደንብ ይጥበቅ። ገበያ ላይ ያለው ስስ ኮኔክተር ግን ቡለኑ ሳይጠብቅ ጥርሱ ይበላል። እሱን ይዛችሁ አትጥሩኝ።

ምልክቱን እንዳያችሁ ዋናውን ብሬከር አጥፉ። ምሰሶ ላይ አትውጡ፤ 905 ደውላችሁ ኒውትራል ተቆርጧል በሉ። ኒውትራል ላይ ለብቻው ፊውዝ አታስገቡ። እባካችሁ፣ እባካችሁ፣ የውሃ ቧንቧን ኒውትራል አድርጋችሁ አታስሩ። አምፖሉ ይበራል፣ ቧንቧውን የነካ ሰው ግን ሊሞት ይችላል። «ለጊዜው ነው» የሚል ባለሙያ ካጋጠማችሁ ከግቢ አስወጡት።

ተሠርቶ ሲያልቅም ዕቃ ከመሰካታችሁ በፊት እንደገና ለኩ። ቸኩሎ ፌዝና ኒውትራል ያምታታ ሰው ቤት ውስጥ 380 ሲያስገባ አይቻለሁ።