ባይፖላር ያለበት ሰው እንቅልፉን እንዴት ያስተካክል? የማስታወስና የትኩረት ችግሩንስ?

ባይፖላር ስሜት ከልክ በላይ ከፍና ዝቅ የሚልበት የአእምሮ ሕመም ነው። ስሜቱ ከተረጋጋ በኋላም «ያነበብኩት አይያዝልኝም፣ የጀመርኩት ሐሳብ ይጠፋኛል» የሚል ሕመምተኛ ብዙ ነው። ቤተሰብ ስንፍና ነው ብሎ አይፍረድ። ትኩረትንና ማስታወስን ሕመሙ ራሱ ያዳክማል፤ የተዛባ እንቅልፍ ደግሞ ያባብሰዋል።

መጀመሪያ ለ2 ሳምንት መዝግቡ። ጠዋት ጠዋት የተኛችሁበትንና የነቃችሁበትን ሰዓት፣ ሌሊት ስንቴ እንደነቃችሁ ጻፉ። ማታ ደግሞ ለስሜታችሁና ለትኩረታችሁ ከ10 ነጥብ ስጡ፤ አእምሯችሁ የተሻለ የሠራበትን ሰዓትም ጨምሩ። ሌሊት ሰዓት ማየት እንቅልፍ ይነሣል፤ ግምት ይበቃል።

ቀጥሎ የመነሻ ሰዓት ወስኑ፤ ለምሳሌ ጠዋት 12፡30፣ እሑድም ጭምር። ብዙዎች የሚታገሉት ከመኝታ ሰዓት ጋር ነው። እንቅልፍ ግን ተገዶ አይመጣም፤ በሰዓቱ መነሣት ይቻላል። ከመኝታ 2 ሰዓት በፊት መብራት ቀንሱ፣ ስልክ አስቀምጡ።

ካፌይን ግማሹ ከሰውነት እስኪወጣ 5 ሰዓት ያህል ስለሚፈጅ ከቀኑ 6 ሰዓት በኋላ ቡና ይቅር። ሊቲየም የተባለውን ስሜት የሚያረጋጋ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ግን ቡናን በድንገት አያቁም፤ ካፌይን ሊቲየምን በሽንት ስለሚያስወጣ፣ ሲቀር የመድኃኒቱ መጠን በደም ውስጥ ከፍ ይላል። ቀስ በቀስ ይቀንስ፣ ለሐኪሙም ይንገር። ጫት ጨርሶ ይቅር፤ ማኒያ (ስሜትና ጉልበት ከልክ በላይ የሚጨምርበትን ሁኔታ) ሊቀሰቅስ ይችላል።

አጥብቀን የምናስጠነቅቀው ይህን ነው፦ እንቅልፍ ላጣ ሰው የሚነገረው «አልጋ ላይ የምትቆይበትን ሰዓት አሳጥር» የሚል ምክር ባይፖላር ላለበት ሰው ያለ ባለሙያ ክትትል አይሞከርም። የእንቅልፍ ማጣት ብቻውን ማኒያ ሊያስነሣ ይችላል። ለቅሶ ቤት ማደር፣ ማኅሌት መቆም፣ የሌሊት ፈረቃም እንዲሁ።

ልዩነቱን እወቁ። ጥቂት ተኝቶ ቀኑን ሙሉ የሚደክመው እንቅልፍ አጥቷል። 3 ወይም 4 ሰዓት ብቻ ተኝቶ ጉልበቱ የሚትረፈረፍ፣ ንግግሩ የሚፈጥን ከሆነ ግን ማኒያ እየጀመረ ሊሆን ይችላል፤ 2 ሌሊት ከተከታተለ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ሂዱ።

እንቅልፉ ተስተካክሎ ድንግዝግዙ ካልለቀቀስ? እንደ ኦላንዛፒን ያለ መድኃኒት ጠዋት ያፈዝዛል፤ ሰዓቱ ይቀየር እንደሆነ ጠይቁ እንጂ በራሳችሁ አታቋርጡ። ሊቲየም ታይሮይድ የተባለውን የአንገት ዕጢ ሊያዳክም ስለሚችል የደም ምርመራ አይዘለል። ክብደት ጨምሮ በኃይል የሚያንኮራፋና ትንፋሹ የሚቆራረጥ ካለ ያም ይታይ። እስከዚያው ከባዱን ሥራ መዝገቡ ላይ ከፍተኛ ነጥብ ባገኘው ሰዓት ላይ አድርጉት።