የቅጥር ፈተና ማለፊያ ነጥብ፦ ወረቀቱ ከመታረሙ በፊት እንዴት ይቆረጣል

አራት ኪሎ ማስታወቂያ ሰሌዳ ፊት ቆሞ ክፍት የሥራ ቦታ የሚፈልግ ሰው ለአንድ ፈተና የሚያወጣው ብዙ ነው። የትምህርት ማስረጃውን ኮፒ ያስደርጋል፣ ከቃሊቲ ወይም ከኮተቤ ሁለት ሦስት ታክሲ ቀይሮ ይመጣል፣ የቀን ሥራ ካለውም የዚያን ዕለት ገቢ ይተዋል። «አላለፍክም» ሲባል፣ የወደቀበት ቁጥር ከየት እንደመጣ የሚያስረዳ ሰው ቢሮው ውስጥ ሊኖር ይገባል። በብዙ ቦታ ግን ማለፊያው 50 የሆነው ትምህርት ቤት 50 ስለነበረ ነው፤ 70 የሆነውም 70 ጠንከር ያለ ስለሚመስል ነው። 50 ከመቶ በቀላል ፈተና ሥራውን የማይችለውን ያስገባል፣ በከባድ ፈተና የሚችለውን ያስቀራል። ቁጥሩ ብቻውን ትርጉም የለውም፤ ትርጉም የሚሰጠው ሥራው ነው።

ማለፊያውን ከሥራው ተነሥቶ መቁረጥ የስታቲስቲክስ ባለሙያ አይጠይቅም። ኤክሴል፣ ሥራውን የሚያውቁ ስድስት ሰዎችና አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃል። ለምሳሌ ያህል ሜክሲኮ አካባቢ ቢሮ ያለው አንድ አስመጪ ድርጅት 4 ጀማሪ የሒሳብ ሠራተኞች ሊቀጥር ነው እንበል፤ ፈተናው 40 የምርጫ ጥያቄና አንድ የኤክሴል ተግባር አለው።

መጀመሪያ ሥራው

ተቀጣሪው በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት የሚሠራቸውን ነገሮች በአንድ ገጽ ይጻፉ። ከዚያ በእያንዳንዱ ላይ አንድ ጥያቄ ይጠይቁ፦ ይህን ከቀጠርን በኋላ እናስተምረዋለን ወይስ ችሎ መምጣት አለበት? ድርጅቱ ፒችትሪ የተባለውን የሒሳብ ሶፍትዌር የሚጠቀምበት መንገድ ተቀምጦ በማየት ይለመዳል፤ ዴቢትና ክሬዲትን መለየት ግን በሥራ ላይ የሚማሩት አይደለም። የምታስተምሩትን ነገር ፈተና ላይ ካወጣችሁ፣ የምትለኩት ቀድሞ የሌላ ድርጅት ወንበር ያገኘውን ሰው ነው።

ጠረጴዛ ላይ የሚገኝ ሰንጠረዥ በቃል አይጠየቅ። የሥራ ግብር ተመኑን ከጥያቄው ጋር አያይዞ ማስላቱን መፈተን ይሻላል። የመልስ ቁልፉም ያረጃል፦ ከግብር ነፃ የሆነው የወር ደመወዝ ከ600 ብር ወደ 2,000 ብር ያደገው በሐምሌ 2017 በወጣው ማሻሻያ ነው። አሮጌውን ቁልፍ ይዞ የሚያርም ሰው አዲሱን ሕግ የሚያውቀውን ተፈታኝ ይጥላል።

ጫፍ ላይ ያለው ሠራተኛ

ነጥቡን መቁረጥ የሚጀምረው ቁጥር ከመጥራት አይደለም። «በቃ፣ ይህ ሰው ሥራውን ይችላል፤ ከዚህ በታች ግን አንወስድም» የሚባለውን ሠራተኛ በግማሽ ገጽ መሳል ይቅደም። ጎበዙን አይደለም፣ መካከለኛውንም አይደለም፤ ጫፍ ላይ ያለውን ነው። ለምሳሌያችን፦ የባንክ ማስታረቂያ ሲሠራ አንድ ስህተት ቢኖርበት ሲነገረው ያገኘዋል፤ ከሠራተኛ 7 ከመቶ፣ ከአሠሪ 11 ከመቶ የጡረታ መዋጮ አስልቶ በየዓምዱ ያስገባል፤ ተጨማሪ እሴት ታክስ ካለበት ዋጋ ውስጥ ታክሱን ለይቶ ያወጣል፤ የውጭ ምንዛሪ ሒሳብ ግን ገና አይችልም። ይህን ሳይስማሙ ወደ ቁጥር የሚገቡ ገምጋሚዎች እያንዳንዳቸው የተለያየ ሰው በልባቸው ይዘው ስለሚሞግቱ ክርክሩ አያልቅም።

ስድስቱ ሰዎች

ሁለት የቅርብ ኃላፊዎች፣ ይህንኑ ሥራ ባለፉት ሁለት ዓመታት ውስጥ የጀመሩ ሁለት ሠራተኞች፣ አንድ ልምድ ያለው የሒሳብ ባለሙያ፣ አንድ ደግሞ ከሌላ ቅርንጫፍ። ወንድም ሴትም ይኑሩበት። የሰው ሀብት ክፍሉ ስብሰባውን ይመራል እንጂ ነጥብ አይሰጥም። ኃላፊዎች ብቻ ሲሰበሰቡ ማለፊያው ከፍ ይላል፤ ሃያ ዓመት የሠራ ሰው ጀማሪ ሳለ ምን ይከብደው እንደነበር ረስቷልና። በቅርብ የጀመሩት ሁለቱ የሚያስፈልጉት ለዚህ ነው።

ገምጋሚዎቹ በመጀመሪያ ፈተናውን ራሳቸው ይፈተኑ፤ ቁልፉን ሳያዩ፣ በተፈታኙ ሰዓት። ይህ እርምጃ ጊዜ ለማትረፍ ሲባል ይዘለላል፤ መዘለል ግን የለበትም። ሁለት መልስ ያለው ጥያቄ፣ ግራ የሚያጋባ ትርጉም፣ የማይበቃ ሰዓት የሚታዩት እዚህ ላይ ነው። ስድስት ባለሙያዎች የተከፋፈሉበት ጥያቄ ይውጣ ወይም ይስተካከል።

ቀጥሎ በየጥያቄው እያንዳንዱ ገምጋሚ ዝም ብሎ በወረቀት ይጽፋል፦ እንደዚያ ያሉ ጫፍ ላይ ያሉ 100 ሰዎች ቢፈተኑ ስንቱ በትክክል ይመልሱታል? «ስንቱ ሊመልሱ ይገባል» አይደለም፤ «ስንቱ ይመልሳሉ» ነው። ይገባል ያልን እንደሆነ ሁሉም ጥያቄ 90 ይሆናል። በወረቀት የሚጻፈውም በምክንያት ነው፤ አለቃ ጮክ ብሎ 80 ካለ በኋላ 60 ለማለት የሚደፍር የበታች ሠራተኛ ጥቂት ነው።

አንድ ጥያቄ እንውሰድ፦ «ታክስን ጨምሮ ዋጋው 11,500 ብር ከሆነ ተጨማሪ እሴት ታክሱ ስንት ነው?» ታክሱ 15 ከመቶ ስለሆነ 11,500ን ለ1.15 ማካፈል ነው፤ 10,000 ዋጋው፣ 1,500 ታክሱ። ብዙ ሰው ግን ቀጥታ 15 ከመቶ አስልቶ 1,725 ይላል፤ ይህ ቁጥር ከምርጫዎቹ አንዱ መሆን አለበት። ገምጋሚዎቹ 70፣ 75፣ 60፣ 80፣ 65፣ 70 ቢጽፉ ድምሩ 420፣ አማካዩ 70 ነው፤ ጥያቄው ለማለፊያው 0.70 ያዋጣል ማለት ነው። በትልቁና በትንሹ ግምት መካከል ከ20 በላይ ልዩነት ያለበት ጥያቄ ላይ ብቻ ተነጋገሩ፤ ከዚያ ሁሉም በድጋሚ ይጽፋል፤ ሁለተኛው ይያዛል። ለመስማማት ማስገደድ ግን አያስፈልግም። የ40ዎቹ ድምር 25.6 ቢመጣ፣ መነሻው ማለፊያ ከ40 እሱ ነው።

ባለ አራት ምርጫ ጥያቄ ላይ ከ25 በታች ግምት አይጻፍ። ምንም የማያውቅ ሰው እንኳ በግምት ሲያከብ ከ40 በአማካይ 10 ያገኛል። ስለዚህ በምርጫ ፈተና 20 ከ40 ከሚመስለው በጣም ዝቅ ያለ ማለፊያ ነው።

ዘዴው አንጎፍ ይባላል። አሜሪካዊው የፈተና ባለሙያ ዊልያም አንጎፍ በ1971 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጽሑፍ የታወቀ ሲሆን፣ ሁለተኛ ዙር የተጨመረበት ይህ ዓይነቱ በሙያ ፈቃድ ፈተናዎች ላይ በሰፊው ይሠራበታል።

በሚሠሩት ሰዎች መፈተሽ

25.6 እስካሁን ግምት ነው። አሁን ሥራውን በአግባቡ ለሚሠሩ 8 ወይም 10 ሠራተኞች ፈተናውን ስጡ፤ ውጤቱ ወደ ሥራ አፈጻጸም ምዘናቸው እንደማይገባ በጽሑፍ አረጋግጡላቸው። ሁለት ሦስት ብቁ ሠራተኞች ከ25 በታች ካመጡ፣ ጉድለቱ ያለው ከእነሱ ሳይሆን ከፈተናው ወይም ከቁጥሩ ነው። ሁሉም 38 ካመጡ ደግሞ ፈተናው ቀሏል ለማለት አይቸኩሉ፤ ሥራ ላይ የቆየ ሰው ከአዲስ ገቢ መብለጡ አይቀርም።

ማንኛውም ፈተና ስህተት አለው። ያው ሰው ትናንት 24፣ ዛሬ 27 ሊያመጣ ይችላል። የዚህን ስህተት መጠን ለማወቅ የውጤቶቹን መደበኛ ልዩነት (ውጤቶቹ ከአማካዩ ምን ያህል እንደሚራራቁ)፣ ከአንድ ላይ የፈተናው አስተማማኝነት (ፈተናው ቢደገም ውጤቱ ምን ያህል እንደሚጸና፣ ከ0 እስከ 1) ተቀንሶ በሚገኘው ቁጥር ስኩዌር ሩት ያባዙታል። መደበኛ ልዩነቱ 6፣ አስተማማኝነቱ 0.84 ቢሆን፦ ከ1 ላይ 0.84 ሲቀነስ 0.16 ነው፣ ሩቱ 0.4፣ ሲባዛ 2.4 ነጥብ። በ10 ሰው የተሰላ ቁጥር ስለማይጸና በቂ ተፈታኝ ካለበት ካለፈ ዙር ይውሰዱት።

ይህን 2.4 ወዴት እናድርገው? ከፈተናው በኋላ ቃለ መጠይቅና የሙከራ ጊዜ ካለ ወደ ታች መሆን አለበት ብለን አጥብቀን እንከራከራለን። በስህተት ያለፈ ሰው በቀጣዩ ደረጃ ይታያል፤ በስህተት የወደቀን ሰው ግን ማንም ተመልሶ አያየውም። 25.6 ሲቀነስ 2.4፣ 23.2 ነው፤ ማለፊያው 24 ይሁን። የኤሌክትሪክ ወይም የሕክምና መድኃኒት ሥራ ከሆነ፣ አንድ ስህተት ሰው ስለሚጎዳ፣ አይቀነስም።

በየክፍሉ ማለፍ ወይስ በድምር?

የምርጫውም የኤክሴሉም ክፍል ለየብቻ ይታለፍ ማለት የሚገባው አንዱ ሌላውን ፈጽሞ ሊተካ በማይችልበት ጊዜ ብቻ ነው። እያንዳንዱን ክፍል 80 ከመቶ ተፈታኝ የሚያልፍበት ባለ ሦስት ክፍል ፈተና፣ ክፍሎቹ ካልተያያዙ፣ ሦስቱንም የሚያልፈው 51 ከመቶ ገደማ ብቻ ነው። ገንዘብ ተቀባይ ብር ቆጥሮ ማስረከብ ካልቻለ በሌላው ቢያካክስም ዋጋ የለውም፤ ለጀማሪ ሒሳብ ሠራተኛ ግን ድምር ይበቃል።

የተግባሩን ክፍል ሁለት ሰዎች ለየብቻ፣ ነጥቡ በዝርዝር በተጻፈ መስፈርት ያርሙ። ወረቀቱ ላይ ኮድ እንጂ ስም አይኑር። እዚህ አገር ስም ጾታን ብቻ ሳይሆን ብሔርንና ሃይማኖትንም ይናገራል።

የአማርኛ ትየባ

ይህ ለብቻው ይነሳ፤ በደል በብዛት የሚፈጸመው እዚህ ላይ ነው። «በደቂቃ 40 ቃል» የሚለው ከእንግሊዝኛ የመጣ ነው። በድምፅ በሚጻፉት ሰሌዳዎች አብዛኛው ፊደል ሁለት ጊዜ መንካት ይጠይቃል፤ የአማርኛ ቃል ደግሞ ግሡን ከነባለቤቱና ከነተሳቢው ጠቅልሎ ይይዛል። ስለዚህ ቃል አይቆጠር። እውነተኛ ደብዳቤ ወስዳችሁ፣ ጥሩ የሚሠሩ አምስት ጸሐፊዎቻችሁ በ5 ደቂቃ የጻፉትን ትክክለኛ ፊደል ቁጠሩ፤ ማለፊያው ከዝቅተኛው ትንሽ ወረድ ያለ ይሁን። ተፈታኙ ፓወር ግዕዝም ሆነ ኪይማን የለመደውን ይምረጥ፤ ከፈተናው በፊት 5 ደቂቃ ይለማመድ።

በፈተናው ቀን

መልእክቱ ላይ «ጠዋት 3 ሰዓት» ብላችሁ በኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆኑን ጻፉ፤ «9:00» ተብሎ ብቻ የተላከለት ሰው ከሰዓት ሊመጣ ይችላል። መብራት ሲጠፋ ሰዓቱ ቆሞ ሲመለስ የሚቀጥል መሆኑ አስቀድሞ ይነገር፣ የጠፋው ደቂቃም በቃለ ጉባኤ ይመዝገብ። ያው ፈተና ለሁለተኛ ዙር አይሰጥ፤ ጥያቄው በቴሌግራም ከወጣ 24 ማለፊያ መሆኑ ያበቃል። የአካል ጉዳተኞችን የሥራ ስምሪት መብት የሚመለከተው አዋጅ 568/2000 አሠሪው ምቹ ሁኔታ እንዲፈጥር ይጠይቃል፤ ተጨማሪ ሰዓት፣ ትልቅ ጽሑፍ ወይም ማያ ገጽ አንባቢ ይሰጥ። የሚለወጠው አፈታተኑ ነው፤ ማለፊያው ያው ነው።

ውጤቱ ሲወጣ

60 ሰው ተፈትኖ 22 አለፈ፤ የሚፈለገው 4 ነው። እዚህ ላይ ማለፊያውን ወደ 34 መስቀል ይቀናል። አያድርጉት። 22ቱ አልፈዋል፤ ከላይ 12ቱን በውጤታቸው ቅደም ተከተል ለቃለ መጠይቅ ጥሩ፣ ለቀሩት «አልፈዋል፣ በተጠባባቂነት ይዘንዎታል» በሏቸው። እውነቱ ይህ ነው፣ ሰውየውም ችሎታውን ሳይጠራጠር ሌላ ቦታ ይሞክራል። በተቃራኒው ሁለት ሰው ብቻ ካለፈ እንደገና ማስታወቂያ ይውጣ፣ ወይም በሥልጠና እንደሚቀጠር በግልጽ ይነገር። ለአንድ የሚታወቅ ሰው ሲባል 24 ወደ 22 ከወረደ፣ 22 እና 23 ያመጣ ሁሉ ያልፋል፤ ሌላ መንገድ የለም።

ያሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 አድልዎን ይከለክላል፤ አድልዎ ግን ሳይታሰብ በፈተናው በኩል ይገባል። ለማየት በአሜሪካ በ1978 እ.ኤ.አ. የወጣውን የአራት አምስተኛ መለኪያ መዋስ ይቻላል። በሌላ ፈተና ከ50 ወንዶች 30 ቢያልፉ 60 ከመቶ፣ ከ40 ሴቶች 18 ቢያልፉ 45 ከመቶ ነው፤ 45 ለ60 ሲካፈል 0.75። ከ0.80 በታች ስለሆነ ጥያቄ በጥያቄ መመልከት ያስፈልጋል። ፍርድ ግን አይደለም፤ ተፈታኙ ጥቂት ሲሆን የሁለት ሰው ልዩነት ቁጥሩን ይገለብጠዋል። ብዙ ጊዜ የሚገኘው ከሥራው ጋር የማይገናኝ የእንግሊዝኛ አረፍተ ነገር ወይም አንድ ወገን ብቻ የሚያውቀው ምሳሌ ነው።

የግምት ወረቀቶቹን፣ ቃለ ጉባኤውንና ማለፊያው የጸደቀበትን ቀን አንድ ላይ አስቀምጡ፤ ቀኑ ከእርማቱ መቅደም አለበት። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም። ጊዜው ሊያበቃ ሲል የተቀጠሩትን የፈተና ውጤት ከቅርብ ኃላፊያቸው አስተያየት ጎን ለጎን ዘርዝሩ። 24 እና 25 ያመጡት ሥራውን ደህና ይዘውት ከሆነ፣ ለሚቀጥለው ዙር ገምጋሚዎቹ ሲሰበሰቡ መጀመሪያ የሚያዩት ወረቀት ይህ ይሁን።